የቢያድግልኝ ልጅና የድንበሩ መሐላ

እንዳላማው ቢያድግልኝ በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜው ስምንት ቤት ተከራይቷል፣ አምስት ሙያ ይዟል፤ አንዱንም ጠልቶ አልተወውም። ሉማሜ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። አማኑኤል ከተማ ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሶ ኖሯል። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ባጃጅ ነዳ፣ ባጃጁን ሸጦ ማር ነገደ፣ ማሩን ትቶ ደግሞ አሁን የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። እጁ የተባረከ ነው፤ ለማድላት አይደለም፣ የሠራውን በር የከፈተ ሁሉ ይመሰክራል። ችግር የሚመጣው ሥራው ሲሰምርለት ነው። ደንበኛ ሲበዛ፣ ጎረቤት በስሙ ሲጠራው፣ ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስትላመድ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይነሣና «በል ተነሥ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፤ ጉርሻውን ይዞ በር ላይ ቆሞ መንገድ ያያል። ሚስቱ የኔዓለም ይህን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ካርቶን መልቀም ትጀምራለች።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከተጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ «የአባቴ መሐላ ነው» ይላል።

አባቱ ቢያድግልኝ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግሥት ከጎረቤቱ ከአማረ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣሉ። አማረ «የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኔ ገፍቶታል» አለ። ቢያድግልኝ «በእጄም አልነካሁት» አለ። ምስክር አልተገኘም። በዚያ አገር ምስክር ሲጠፋ ነገሩ ለሚካኤል ይሰጣል፤ ተከሳሹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ሕዝቡ እየሰማ ይምላል። በራሱ ብቻ ቢምል አይታመንም፤ በዘሩ መማል አለበት። ቅጣቱንም ቆርጦ የሚናገረው ራሱ ነው። ቢያድግልኝ ጫማውን አወለቀና፣ «ድንበር ገፍቼ እንደሆነ ዘሬ አይርጋ፤ አንድ ቦታ ሁለት ክረምት አይክረም» አለ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ፤ መሬቱም ለቢያድግልኝ ጸና። ከዓመታት በኋላ መሬት ሲለካና የይዞታ ደብተር ሲሰጥም በዚያው ድንጋይ ተለካ።

እንዳላማው እንግዲህ ቤት በቀየረ ቁጥር ይህን መሐላ ያስባል። አማኑኤል አራት ክረምት ሙሉ መክረሙን፣ አሁን ባለበት ቤትም ሦስተኛውን ክረምት መጨረሱን ግን አይቆጥረውም። የሚቆጥረው የተነሣበትን ቀን ነው።

የኔዓለም አንድ ጊዜ፣ ገና ማር ሲነግድ፣ ዕቃ እየጠቀለለች፣ «ቆይ ግን፣ አባትህ የማለው በእውነት አይደል? በእውነት ከማለ መሐላው አንተን ምን አደረገህ?» አለችው። እንዳላማው ገመድ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ካርቶኖቹን አሰረ፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።

ዘንድሮ፣ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሐሙስ፣ ልጁ መቅዲ ከባሕር ዳር ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አካውንቲንግ ጀምራ በመንፈቁ ተወችው፤ ቀጥላ ባሕር ዳር ነርስነት ገባች። ሻንጣዋን በር ላይ አቆመችና፣ «ትቼዋለሁ» አለች። «ሰኞ ሳምንት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ ሥራ አግኝታልኛለች።»

«የምን ሥራ?» አለች እናቷ።

«የሆነ ሥራ። ስደርስ አየዋለሁ።»

እንዳላማው እጁ ላይ የነበረውን ሜትር መሬት ጣለው። ደነገጠ፤ መናደዱ እንኳ ቆይቶ ነው የመጣው። በር ላይ የቆመችው ልጅ አቋቋሟ የእሱ ነበር፤ አንድ እግሯ ቤት ውስጥ፣ ዓይኗ መንገድ ላይ። «ደረሰባት» አለ በልቡ። «በእኔ ይበቃል ስል እሷም ላይ ደረሰ።» ምን እንደሆነች አልጠየቃትም። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ፣ ከተማውን ዞሮ ዞሮ ሲመሽ ተመለሰ።

በማግሥቱ ለሚካኤል ሄደ። ሰባኪው የዕለቱን በዓል ተናግሮ ወደ ኦሪት ገባ፣ እግዚአብሔር የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ በልጆች ላይ እንደሚያመጣ አነበበ። ሌላው ሰው ነጠላውን እያስተካከለ ሰማው። እንዳላማው ግን በጣቱ ይቆጥር ነበር፦ አባቴ አንድ፣ እኔ ሁለት፣ መቅዲ ሦስት። አራተኛው ገና አልተወለደም፤ ለእሱም ጣቱን አጠፈ። ጸበል ሳይጠጣ፣ ሰው ሳይሰናበት ወጣ።

ከብየዳ ሱቁ ጎን ጸጉር የሚቆርጠው ደመላሽ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። እንዳላማው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የሰማውን ነገረው። ደመላሽ ስልኩን አወጣ። «ሕዝቅኤልን እይ እስቲ፣ ዐሥራ ስምንተኛውን ምዕራፍ። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን አይሸከምም ነው የሚለው። ይኸውልህ፣ አንብበው።»

እንዳላማው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ያኛውም ከዚሁ መጽሐፍ ነው?»

«ከዚሁ ነው።»

«ታዲያ በየትኛው ነው የሚፈርድብኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ ጸጉር ነው የምቆርጠው፤ ይኼን የኔታን ጠይቃቸው» አለ ደመላሽ። «ትቆረጣለህ ወይስ ትነሣልኛለህ?»

የኔታ የተባሉት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ከከተማው ዳር መጻሕፍት የሚያስተምሩ ሽማግሌ። እንዳላማው ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ ጓሯቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይኮተኩቱ ነበር። ቀና ብለው አይተውት ወደ መኮትኮታቸው ተመለሱ። እሱም ከመደቡ ዳር ዳር እየተንጎራደደ ሁሉንም ነገራቸው፦ መሐላውን፣ ስምንቱን ቤት፣ የመቅዲን ሻንጣ፣ ኦሪቱን፣ ሕዝቅኤሉን።

«ቁጭ በል እንጂ፣ አዞርከኝ» አሉት።

ተቀመጠ።

«የኦሪቱ ቃል መጨረሻ አለው፤ 'በሚጠሉኝ ላይ' ይላል። ልጁ የአባቱን መንገድ ወድዶ ሲሄድበት ነው ፍርዱ አብሮ የሚሄደው። ሕዝቅኤልም የሚለው ያንኑ ነው፤ ልጁ የአባቱን ክፋት አይቶ ከተወው በአባቱ አይሞትም። ያን ዕውር ሆኖ የተወለደውንም ሰው ደቀ መዛሙርቱ እንዳንተ ጠይቀውበት ነበር፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ናቸው የበደሉት ብለው። ጌታችን ሁለቱም አይደሉም አላቸው።» ኩትኮታውን አቆሙ። «ይኼን ሰባኪውም ቢቀጥል ይነግርህ ነበር። አሁን እኔ ልጠይቅህ። አባትህ በሐሰት መማሉን በምን አወቅህ?»

እንዳላማው ሊነሣ ብሎ ነበር፤ የሽማግሌው ዓይን ግን እንደ ተቀመጠ ያዘው።

«ድንጋዩን ያነሣነው አብረን ነው፣ የኔታ።»

ከዚያ በኋላ መናገሩ ቀለለው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ አባቱ ቀስቅሶት ወደ ማሳው ወሰደው፤ ድንጋዩን በመቆፈሪያ ፈነቀሉት፤ ለአንድ ሰው ይከብድ ስለነበር እሱ በአንድ ጎኑ ገፋ። አዲሱ ቦታ ላይ ሲተክሉት አባቱ አፈሩን እንዲረግጥ ነገረው፤ ረገጠው። እሑድ ደግሞ አባቱ ሲምል ከእናቱ ነጠላ ሥር ሆኖ ሰማ። በዚህ አላበቃም። መሐላው ሲጸና አማረ ስም አጥፊ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። አማረ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በቢያድግልኝ እግር ሥር ተንበረከከ። አባቱም፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው።

«ሰውየው አባቴን አመሰገነው» አለ እንዳላማው። «ተነሥቶ ጉልበቱን ስሞ አመሰገነው። ያን ቀን ቤታችን እራት ሲቀርብ መብላት አቃተኝ።»

መሪጌታ አካለ ወልድ የእጃቸውን አፈር አራገፉ። ቀጥለው፣ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ይኼን እግዚአብሔር ካንተ አይፈልገውም» አሉት። «አባትህ መቼ ሞተ?»

«ሃያ ዓመት አለፈው።»

«ማሳው አሁን ማን እጅ ነው?»

«የኔ ነው። የሺዋስ የሚባል ሰው በእኩል ያርሰዋል።»

«የገፋችሁት ቦታ ምን ተዘርቶበታል?»

«ጤፍ።»

«ጤፉን ማን ይበላዋል?»

የየካቲቱ ጆንያ ቤት ሲገባ፣ የኔዓለም ስትሰፍረው፣ መቅዲ ባሕር ዳር ስትሄድ በሶና ድርቆሽ ሲቋጠርላት ታየው።

«እና የአባትህን ኃጢአት አይደለም የምትጠይቀኝ» አሉ መሪጌታ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራህን ለሞተ ሰው አሸክመህ ስትሮጥ ኖርክ። መጀመሪያ የሰውየውን መልስ። ከዚያ የነፍስ አባትህ ጋ ሂድ። እኔ ጋ ግን በዚህ ነገር አትመለስ፤ የምጨምርልህ የለኝም።»

ቀኝ ኋላ ዞሮ መሄድ ይቀል ነበር። ሰኞንና ማክሰኞን የማይገጥም ነገር ሲበይድ ዋለ፤ የሰው መስኮት በአራት ጣት አሳጥሮ ቆረጠ፣ ብረት አበላሸ፣ ደንበኛ ጮኸበት። ሉማሜ አንድ የሚከራይ ሱቅ እንዳለ ሰምቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። ረቡዕ ማታ ለመቅዲ፣ «ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን ስጪኝ። አንድ ቦታ አብረሽኝ ሂጂ» አላት። ለምን ይዟት ሊሄድ እንደፈለገ በደንብ አያውቀውም። ምናልባት መሐላው ከላያቸው ሲነሣ እንድታይ ነው። እሷም ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ እሺ አለች።

አማረ ከሞተ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ ያለችው ትልቋ ልጁ ናት፤ ባሏ ሲሞት ቆብ ደፍታ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ተብላለች፤ ማሳውን ልጆቿ ያርሱታል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲደርሱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እንዳላማው መቅዲን አጥሩ ጋ አቆማት። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣ፣ ማጅራቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ገባ።

«በስመ አብ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ማን ነህ?»

«የቢያድግልኝ ልጅ ነኝ፣ እማሆይ። እንዳላማው።»

ተንበርክኮ ነገራት። አላስጌጠውም፣ አላሳጠረውም። መቆፈሪያውን፣ የረገጠውን አፈር፣ መሐላውን፣ ሃያ ዓመት የበላውን ጤፍ። እየተናገረ ሳለ የባቄላው መፈልፈል ቆመ።

«እንግዲያ አባባ አልተሳሳተም?» አለች እማሆይ። ድምጿ ቀጠነ። «ድንጋዩ እውነትም ተነሥቶ ነበር?»

«ተነሥቶ ነበር።»

«አንተ፣ አባቴ እኮ ዓይኑን ማመን ትቶ ነው የሞተ። የሚካኤል ደጅ አይዋሽም ብሎ ራሱን ዋሾ አደረገ። ከዚያች እሑድ በኋላ የራሱን በሬ ከጎረቤት በሬ ለመለየት እኛን ይጠራ ነበር፤ 'እስቲ እናንተ እዩልኝ፣ እኔ እሳሳታለሁ' እያለ። ሊሞት ሲል እንኳ ለነፍስ አባቱ 'የሰው ስም አጥፍቻለሁ' ብሎ ተናዝዟል። ላላጠፋው!» ቆቧን አስተካከለች። «እኔም ያን ዓመት ሽማግሌ ተልኮብኝ፣ ነገሩ አልቆ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። 'የስም አጥፊ ልጅ አናገባም' ብለው ቀሩ። የምወደው ሰው ነበር። አንተ በአባትህ መሐላ ተቅበዘበዝሁ ትላለህ። እኛ ምንም ሳንምል የከፈልነውን ማን ይቁጠረው?»

እንዳላማው አንገቱን አላቀናም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያ መሐላ የአማረን ቤተሰብ ጭምር እንደ ጎዳ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አለማሰቡም አሁን ከምንም በላይ አሳፈረው።

«መሬቱን እለቃለሁ፣ እማሆይ። ደብተሩም ከልጆችዎ ጋር ቀበሌ ሄደን ይስተካከላል። ይቅር ይበሉኝ።»

ዶሮዎቹ መጥተው የተፈለፈለውን ሲለቅሙ አላባረረቻቸውም።

«አውርደው ድንጋዩን፤ እሱን ማየት ጠልቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያንተን፣ የበላኸውንና ዝም ያልከውን፣ ይቅር ብየሃለሁ። የአባትህን ግን እኔ ይቅር ማለት አልችልም፤ የማለው በአባቴ ላይ ነው። እዚያው ያሉበት ይፋረዱ። አንድ ነገር ግን አለብህ። የአባቴ ስም የጠፋው በአደባባይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ደጀ ሰላም ቆመህ ለኔ የነገርከኝን ለሕዝቡ ንገር።»

ይኼኛው ከድንጋዩ ይከብድ ነበር። እንዳላማው እሺ አለ።

እሑድ ቆሞ ተናገረ። ግንቡን ይዞ ነው የተናገረው። አንዳንዱ «እግዜር ይፍታህ» አለ፤ አንዳንዱ የቢያድግልኝን ነፍስ ረገመ፤ ሁለት ያኔ ሽማግሌ የነበሩ ሰዎች፣ አሁን በልጅ እጅ የሚመሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከሴቶቹ መሀል ቆማ «ሰማችሁ? ሰማችሁ?» ትል ነበር፤ ታለቅስም ነበር። መቅዲ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ሆና ሁሉንም አየች።

ሲመለሱ እንዳላማው መሬቱን ማጣቱ አልከበደውም። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እንደዚህ ቀልሎት አያውቅም፤ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ቀድሟት እየሄደ፣ ዞር እያለ ያያት ነበር። አስፋልቱ ጋ ደርሰው መኪና ሲጠብቁ አላስቻለውም።

«መቅዲዬ፣ አለቀ እኮ። ተፈታልሽ። ነገ ወደ ትምህርትሽ ትመለሻለሽ፤ ከእንግዲህ የሚያስነሣሽ የለም።»

መቅዲ ነጠላዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ጨረሰችና፣ «አባዬ፣ ትምህርቱን ለምን እንደ ተውኩት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

አልጠየቃትም። ሰባኪ ሰምቷል፣ ጸጉር ቆራጭ ጠይቋል፣ መሪጌታ ዘንድ ሄዷል። እሷን አልጠየቃትም።

«ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ሲያወጡን ከበደኝ» አለች። «ሁሉም ከብዷቸው ነበር። እነሱ ግን ቆዩ። እኔ መቆየት እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። ስድስት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ጓደኛ ሳበጅ ካርቶን ይመጣል። አንድ ነገር ሲከብድ ወይም ደስ ሲል መነሣት ነው የማውቀው። ያያቴን መሐላ አልሰማሁትም፣ እኔ አልተወለድኩም። አንተን ግን ዕቃ ስትጭን አይቻለሁ፤ ደጋግሜ።»

ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ በሩን ከፈተ። ገቡ። እንዳላማው መንገዱን ሙሉ የፊተኛውን ወንበር ብረት ይዞ ተቀመጠ፤ ብየዳው የላላ ነበር፤ እሱን ሲነካካ ማርቆስ ደረሱ። የቀለለው ነገር ሌላ ቦታ ላይ ተመልሶ ሲጫንበት ይሰማው ነበር። ይኼኛውን ወስዶ በማንም ደጅ የሚያወርደው አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸከመላት። እንዳትሄድ ሊለምናት ፈልጎ ነበር፤ በምን አፉ? አውቶብሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት በኩል ብቅ አለች። የኔዓለም የጋገረችላትን ዳቦ አቀበለቻት፣ ጉንጯን ዳበሰቻት፣ ለቅሶዋን ለመደበቅ ዞር አለች።

«ለገና ነይ» አላት እንዳላማው።

መቅዲ ትንሽ አሰበች። በክፋት አልነበረም የመለሰችው፤ ሰው አድራሻ ሲጠይቅ እንደሚጠይቀው ነበር።

«እዚያው ቤት ትሆናላችሁ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሕዝቡም መንገድ ለመልቀቅ ወደ ኋላ ገፋው።

«እንሆናለን» አለ እንዳላማው። አውቶብሱ ግን ወጥቶ ነበር።